ጤና አዳምና ቢራቢሮዋ፤ የቤርሼቫ ጓሮዎቻችን ታሪክ

ከጠለምት ወይም ከአርማጭሆ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬን «አባባ፣ ወፍ ወደ ደጅዎ ይጥሩ» ብንላቸው መጀመሪያ የሚቀድማቸው ሳቅ ነው። ልጅነታቸው ያለፈው ወፍ በማባረር ነዋ! ማሽላው ፍሬ ሲይዝ በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጅ ወንጭፉንና የጠጠር ክምሩን ይዞ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ እዚያ ላይ ሲጮኽ ይውላል። ግሪሳ የመጣ ዓመት ደግሞ ትልቅም ትንሽም ከቤት ይወጣል። በዚያ አገር ወፍ ከሰው ጋር የምትሻማው አንዱን እንጀራ ስለ ነበረ ወፍ መጥራት የሚባል ሥራ አልነበረም።

እዚህ ቤርሼቫ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ የለም፤ እንዲያውም ሰው በረንዳው ላይ በሁለት ቆርቆሮ አበባ ተክሎ ወፍ እስክትመጣለት ይጠብቃል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ፣ በዚህም ውስጥ የእኛ የቤተ እስራኤል ጓሮ ምን ድርሻ እንዳለው በዚህ ጽሑፍ ለማውሳት እንወዳለን። ዓመቶቹ በሙሉ በዚህ አገር እንደሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አዲስ የገባችሁ ወገኖቻችን አስተውሉልን።

እንደሚታወቀው አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ርስት አልባ ነበሩ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1414 እስከ 1429 ባለው ጊዜ ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ታወጀ ተብሎ ይተረካል፤ «ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚሁ አዋጅ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ወገናችን የሰው መሬት እያረሰ ምርቱን ለባለ ርስቱ የሚያካፍል፣ ከእርሻውም ጎን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ሸክላ የሚሠራ ሆኖ ኖረ። ይህ በሕግ የተለወጠው ደርግ በ1975 የገጠር መሬት አዋጅን ባወጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መሬት የደረሰው ሰው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ አንዱ በሱዳን በኩል፣ ሌላው በአዲስ አበባ በኩል ጥሎት ወጣ።

ይህን የምናነሣው ለቂም አይደለም። ጓሮ ለእኛ ምን እንደ ነበረ ለማስረዳት ነው። ማሳው የሌላ ሰው ሲሆን፣ ከጎጆው ጀርባ ያለችው ጠባብ ቦታ በእናቶች እጅ ነበረች። ጎመኑ፣ ዱባው፣ ቃሪያው፣ ጌሾው ከዚያች ይወጣል። መድኃኒቱም ከዚያች ነው፤ ለምች ዳማ ከሴ፣ ለወጥ በሶብላ፣ ለሆድ ሕመም እንስላል፣ ለቡናና ለሁሉም ነገር ጤና አዳም። የጌታ እህል ተሰፍሮ ይወሰድ እንጂ የጤና አዳም ቅጠል ማንም አይሰፍርም። የአንዳንድ እናቶቻችን ልብ እስከ ዛሬ ከትልቁ እርሻ ይልቅ ወደ ጓሮው የሚያደላው በዚህ ይመስለናል።

በዚያ ጓሮ ማንም ሳይጠራቸው የሚመጡ ወፎችም ነበሩ። ከስሜን ተራሮች የመጣችሁ፣ እሬት ሲያብብ በአበባው ላይ የምትንጠለጠለውን፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ወይን ጠጅና አረንጓዴ የምታብረቀርቀውን፣ ባለ ረጅም ጭራዋን ትንሽ ወፍ ታስታውሳላችሁ። የአበባ ማር በቀጭን ምንቃሯ ትመጣለች። ይህች ወፍ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የገባችው በእኛው ወንዝ በተከዜ ስም ነው፤ ስሟ «ታካዜ» ተብሎ የታተመው በ1814 ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ የሐበሻ ጉዞውን መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ነው። ወንዙን የተሻገረ ሰው ሁሉ ስሙን በወፍ ላይ ሰፍሮ ቢያገኘው ደስ ሳይለው አይቀርም።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 21 ስለ ቤርሳቤህ ሲተርክ አብርሃም ስለ ውኃ ጉድጓድ ከአቢሜሌክ ጋር መማማሉን፣ ከዚያም በስፍራው ዛፍ መትከሉን ይናገራል። በዕብራይስጡ «ኤሼል» የተባለው ይህ ዛፍ ዛሬም በከተማችን መንገዶችና በወንዙ ዳር ይታያል፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጨውና ድርቅ የሚችል ነው። እንግዲህ የዚህ ቦታ የመጀመሪያ ታሪክ ጉድጓድና ችግኝ ነው ማለት ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ጎንደር በዓመት ከሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ቤርሼቫ የምታገኘው ወደ 200 ገደማ ብቻ ነው። ያውም የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ብርድ ውስጥ ነው። በለመደው በሰኔ ዘር የበተነ አዲስ ገቢ የሚያገኘው አቧራ ነው።

የዛሬዋን ከተማ ቱርኮች በ1900 አካባቢ ቀየሷት። አሮጌው ከተማ ውስጥ መንገዶቹ እንደ ገበጣ ሰሌዳ ቀጥ ያሉት ለዚህ ነው። በጥቅምት 31 ቀን 1917 የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ከቱርክ ወሰዷት፤ በ1948 በእስራኤል እጅ ገባች፤ ከዚያም ከሞሮኮ፣ ከሩማንያ፣ ከሌላም ከሌላም አገር የመጡ ዖሊም ሞሏት። ለአትክልት ታሪክ ግን ከነዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቀሰው 1965 ነው። በዚያ ዓመት ከከተማችን በስተ ምዕራብ ባለው በኪቡጽ ሐጸሪም «ኔታፊም» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ ሲምሐ ብላስ የተባለው የውኃ መሐንዲስ የፈለሰፈውን የጠብታ መስኖ መሥራት ጀመረ። በየግቢው ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ የምታዩት፣ ጠብ ጠብ የሚለው ጥቁር የላስቲክ ቱቦ እሱ ነው። ልጆች «ቲፍቱፎት» ይሉታል። ውኃው ሥሩ ላይ ብቻ ስለሚወርድ በነጌቭ አፈር ላይ ጥቂት ውኃ ብዙ አበባ ማብቀል ቻለ።

አበባው ሲበዛ ደግሞ እንግዳ መጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን እዚህ አገር የዞሩ ተፈጥሮ ተመልካቾች፣ ከእነሱም መካከል በ1863 እና በ1864 የመጣው እንግሊዛዊው ቄስ ሄንሪ ትሪስትራም፣ አንዲት የአበባ ማር የምትመጥ ትንሽ ወፍ አግኝተዋል፤ የምትገኘው ግን በተለይ በሞቃቱ በዮርዳኖስ ሸለቆና በሙት ባሕር ዳርቻ ነበር። ዕብራይስጡ «ጹፊት» ይላታል፤ «ጹፍ» የአበባ ማር ነውና። የተከዜዋ ወፍ ዘመድ ናት። ክብደቷ አሥር ግራም አይሞላም። ወንዱ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ሰማያዊና አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ሴቷ አመድማ ናት።

ይህች ወፍ በ20ኛው መቶ ዘመን ከሸለቆዋ ወጥታ አገሩን በሙሉ አዳረሰች። መንገድ የከፈተላት ማንም መንግሥት አይደለም። ሰዎች በየቤታቸው ደጅ ዓመቱን በሙሉ የሚያብብ ተክል ተከሉ፤ እሷም ከግቢ ወደ ግቢ እየዘለለች መጣች። ዛሬ በቤርሼቫ ሰፈሮች በየማለዳው ስትጮኽ ትሰማላችሁ፤ ከድምጿ ትንሽነቷን መገመት አይቻልም። ጎጆዋን እንደ ከረጢት ሸምና ከቀጭን ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴም ከበረንዳ ሽቦ ላይ ታንጠለጥለዋለች። እንዲህ ያለ ጎጆ በረንዳችሁ ላይ ካገኛችሁ ጫጩቶቹ እስኪወጡ አትንኩት። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ስለ ወፍ ጎጆና ስለ እናቲቱ ያዘዘውን ቀሶቻችን አስተምረውናል።

ዱኺፋትም የዚሁ ታሪክ ወገን ናት። ራሷ ላይ የላባ አክሊል የደፋችው፣ ክንፏ ጥቁርና ነጭ የሆነው፣ በረጅም ምንቃሯ ውኃ የጠጣውን ሣር እየወጋች ትል የምታወጣው ወፍ ናት። በ2008 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የእስራኤል ብሔራዊ ወፍ አድርጎ መርጧታል። በኦሪት ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች፤ ቁርአን ደግሞ ስለ ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን ወሬ ያመጣው ይህ ወፍ ነው ይላል። ክብረ ነገሥት ወሬውን ያደረሰው ታምሪን የተባለው ነጋዴ ነው ስለሚል፣ እኛ ጋ ወፏ ድርሻዋን ተነጥቃለች።

ከዚህ በኋላ የእኛ ሰዎች መጡ። በዘመቻ ሙሴ ከ1984 ማብቂያ እስከ 1985 መግቢያ፣ በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በከተማችን ዳር በናሓል ቤቃ በተሠራው የካራቫን ሰፈር ከኢትዮጵያና ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ኖሩ። ካራቫን በበጋ ምጣድ፣ በክረምት ጉድጓድ መሆኑን የኖረበት ያውቀዋል። ቢሆንም እናቶች በሩ አጠገብ ባለች አንድ ክንድ መሬት ላይ አንድ ነገር ሳይተክሉ አልቀሩም፤ ከዚያም መካከል ጤና አዳም የማትጠፋ ነበረች። በ2000ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ገደማ ደግሞ በካሊሸር መርከዝ ቅሊታ የከተማ እርሻ ተከፍቶ ከኢትዮጵያ ለገቡ ቤተሰቦች መደብ ተሰጠ። በሕይወታቸው ሁሉ አራሽ የነበሩ፣ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ግን እጃቸው ሥራ ያጣባቸው አዛውንቶች እንደገና መቆፈሪያ ጨበጡ። ዕብራይስጥ ያልገባቸው ሰዎች አፈሩ ግን ይገባቸው ነበር። መርከዝ ቅሊታ ግን መሸጋገሪያ ነው፤ ቤተሰቡ ቋሚ ቤት ሲያገኝ መደቡን ለሌላ ትቶ ወደ ፎቁ ይወጣል። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ የገባችሁም ይህን ትለዩታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ጤና አዳምን ከኢትዮጵያ ያመጣናት ይመስለናል። እውነቱ ግን ይህች ተክል የዚሁ የሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ ተወላጅ መሆኗ ነው። በዚህ አገር ኮረብታዎች ላይ በዱር ትበቅላለች። በሁለተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና ስለ ሰባተኛው የዕረፍት ዓመት ሲደነግግ «ፔይጋም» ብሎ በስሟ ይጠራታል። ገበያ ላይ «ሩዳ» ይሏታል። የሞሮኮና የቱኒዝያ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ፊጀል» ብለው ለሻይና ለቡዳ መከላከያ ይይዟታል። እዚህ ላይ እኛና እነሱ ሳንነጋገር ተስማምተናል። እንግዲህ በሩቅ ዘመን ወደ ሐበሻ ተራሮች የወጣችው ቅጠል ከእኛ ጋር ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች ማለት ነው። ስለዚህ ከጎንደር ቅርንጫፍ ወይም ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣት አያስፈልግም፤ ያለ ፈቃድም ክልክል ነው። በየችግኝ መሸጫው ትገኛለች።

ትውልድ አገሯ ስለሆነ የሚያውቃት አለ። ዕብራይስጡ «ዝናብ ስኑኒት ናኤ» የሚላት ትልቅ ቢራቢሮ አለች፤ ትርጉሙ መልከ መልካሟ ባለ ወፍ ጭራ እንደ ማለት ነው። ክንፏ ቢጫ ሆኖ ጥቁር መስመር የተጣለበት ነው፤ ከታች ሰማያዊ መቀነት፣ ከጫፉ ቀይ ነጥብና ሁለት ጭራ አለው። ይህች ቢራቢሮ እንቁላሏን ያገኘችው ቅጠል ላይ አትጥልም። ቅጠሉን በእግሯ ትቀምሰዋለች፤ የምትወዳቸውም እንደ እንስላል ያሉትና ጤና አዳም ናቸው። ከእናቶቻችን ጓሮ ቆጥራ የመረጠች ትመስላለች። ስዊድናዊው ካርል ሊኔዎስ በ1758 ለፍጥረታት ስም ሲያወጣ ይህችን «ማካዎን» አላት፤ ማካዎን በግሪኮች ጥንታዊ ታሪክ የቁስለኞች ሐኪም ነበረ። ሊኔዎስ አማርኛ አያውቅም። የሐኪሙ ስም ያላት ቢራቢሮ ግን ጤና አዳም ላይ ታድጋለች።

ችግሩ ያለው ከእንቁላሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚፈለፈለው ትል ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ አለበት፤ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ እንዳትበላው ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጥቁር ቀለበቶች፣ በቀለበቶቹም ላይ ብርቱካንማ ነጥቦች ይወጡበታል። ሲነኩት ከጭንቅላቱ ጀርባ እንደ ቀንድ የተሰነጠቀ ብርቱካንማ ነገር አውጥቶ ይሸታል። የሚያስፈራው ይኸው ብቻ ነው። አባ ጨጓሬ አይደለም፤ ጸጉር የለውም፤ አያሳክክም፤ አይናደፍም። ሦስት አራት ሳምንት በልቶ፣ ራሱን በአንድ ክር ከግንዱ ጋር አስሮ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጥና ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። አገር ቤት ሎሚ ወይም ብርቱካን ጓሮው የነበረው ሰው ዘመዱን ያውቀዋል፤ በኢትዮጵያ በሎሚ ቅጠል ላይ የሚያድገው ትል የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ብዙ እናቶች ይህን ትል ሲያዩ ጤና አዳማቸው የታመመች ይመስላቸዋል። አንዳንዶቹ እየለቀሙ ይጨፈልቁታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከሱቅ የነፍሳት መርዝ ገዝተው ይረጫሉ፤ በማግስቱም ያንኑ ቅጠል ቀጥፈው ቡና ውስጥ ይከቱታል። ይህን በብርቱ እንቃወማለን። በትሉ ብቻ አይደለም፣ በራሳችሁ ላይ ነው የረጫችሁት። ጤና አዳም ጠንካራ ናት፤ ትል የበላው ቅርንጫፍ እንደገና ያቆጠቁጣል። አንዲት ቁጥቋጦ ለቡና፣ አንዲት ቁጥቋጦ ለቢራቢሮ ብትተክሉ ክርክሩ ያልቃል። ትሉንም ከቡናው ተክል ወደ ሌላው በቅርንጫፍ አድርጎ ማሻገር ይቻላል። ለዚህ ሥራ ከልጅ ልጅ የተሻለ ሠራተኛ አይገኝም። ትምህርት ቤት ስለ ቢራቢሮ በዕብራይስጥ የተማረው ልጅ ስሟን ይነግራል፤ አያቱ የቅጠሏን ጥቅም ይነግሩታል።

መርዝ በዚህ አገር ምን እንዳደረገ ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ ዓመታት የእርሻ አይጥ ለማጥፋት ታሊየም በተባለ መርዝ የተነከረ ስንዴ በየማሳው ተበተነ። አይጧ በላች፤ ንስሩና ጭልፊቱ አይጧን በሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰማዩ ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የእንስሳት ሊቅ ሐይንሪኽ ሜንደልሶን ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ በ1953፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕጉ በ1955 የመጡት በዚያው ዘመን ነው።

የዛሬው ጥፋት ሌላ መልክ አለው። ቡናማ ገላ፣ ቢጫ ምንቃርና ቢጫ እግር ያላት፣ በየቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ እንደ ባለቤት የምትንጎራደደው ወፍ ማይና ትባላለች፤ የሕንድ ወፍ ናት። በ1990ዎቹ ማብቂያ በቴል አቪቭ ከነበረችበት አምልጣ ተራባች፤ ዛሬ አገሩን ሞልታለች። የሌሎችን ወፎች ጎጆ ትነጥቃለች። በየዓመቱ በክረምት ሕዝቡ በየግቢው ወፍ የሚቆጥርበት ልማድ አለ፤ በዚያ ቆጠራ ማይና እየበዛች፣ ድንቢጥና ቡልቡል እየቀነሱ መምጣታቸው ታይቷል። ማይናን የሚጠራት ደግሞ የተጣለ ምግብ ነው። እንጀራ መጣል ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ለወፍ ይሁን ብሎ የተረፈውን ሜዳ ላይ መበተን ግን ማይናንና አይጥን መቀለብ ነው። ልጆቻችሁ በሻባት ሺራ ሰሞን ለወፍ ፍርፋሪ ይሰጣል ብለው ከትምህርት ቤት ቢመጡ፣ የአንዳንድ ወገኖች የቆየ ልማድ ነውና ጥቂት ስጧቸው።

እንግዲህ ምን እንትከል? ከጤና አዳምና ከእንስላል ሌላ፣ በሶብላ፣ ጦስኝና ናና አበባ እስኪያወጡ ብትተዉአቸው ቢራቢሮና ንብ ይመጣሉ። ለጹፊት እሬት ይበቃታል፤ ውኃም አይፈልግም። እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው፣ እዚህ «ላንታና» የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም አበባ ቢራቢሮ በጣም ይስባል። ነገር ግን ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ በኢትዮጵያም በእስራኤልም ከአትክልት ቦታ አምልጦ የዱሩን መሬት ይወራል። ፍሬው ጥሬውን መርዝ ስለሆነም ሕፃን ባለበት ቤት ባይተከል እንመርጣለን። ለወፎች ከእህል ይልቅ በበጋ የሚቸግራቸው ውኃ ነው። ዝርግ የሸክላ ሳሕን፣ ሁለት ጣት ያህል ውኃ፣ መካከሉ ላይ መቆሚያ ድንጋይ፣ ድመት ከማትደርስበት ቦታ። ውኃውን በየቀኑ ድፉትና ቀይሩት፤ የቆመ ውኃ ትንኝ ይፈለፍልበታል፤ ትንኝም በዚህ አገር የምዕራብ አባይ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በጋራ ሕንጻ የምትኖሩ ደግሞ ከሕንጻው በታች ያለውን መሬት ከመቆፈራችሁ በፊት ቫዓድ ባይቱን አነጋግሩ። መሬቱ የሁሉም ነው፤ ሳይጠየቅ የተተከለ ጎመን ብዙ ጠብ አስነሥቷል።

ስለ መንገደኞቹ ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ ወቀሳ ይሆንብናል። አገር ቤት ሳለን ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆች አንጋጠው ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት ይጠይቁት እንደ ነበረ የማያስታውስ ትልቅ ሰው የለም። አባቶች ያለ ነገር አላስተማሯቸውም። ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርደው ነጭ ሽመላ በነሐሴና በመስከረም በዚህ አገር ላይ ያልፋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳል። በጠቅላላው በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች በእስራኤል ሰማይ እንደሚያልፉ ይገመታል። በእነዚያ ወራት ከከተማችን ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው ሽመላውን ከሥሩ ሆኖ ያየዋል። ጥያቄው የሚጠየቀው ግን አሁን ወደ ወዲያኛው አገር ነው፤ ብዙዎቻችን ጎንደር የቀረ ዘመድ አለንና።

ቢራቢሮም ትሰደዳለች። ብርቱካንማ ክንፍ፣ ጥቁር ጫፍና ነጭ ነጠብጣብ ያላት «ኒምፊት ሓ ሑርሻፍ» የምትባል አለች። ተመራማሪዎች በ2014 መኸር ከአውሮፓ ሰሐራን ተሻግራ የምትወርድበትን ሲፈልጉ ካገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በመጋቢት 2019 በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቢራቢሮዎች በእስራኤል ላይ ወደ ሰሜን ሲያልፉ በየመንገዱ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ይህች ለትሏ የምትመርጠው ቅጠል ሁላችን አረም የምንለውን ነው፤ ኮሸሽላ የመሰለውን እሾሃማና ኹቤዛን። ኹቤዛ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ በየባዶ ቦታው የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ክብ የሆነው ነው። በ1948 ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ ነዋሪው እየለቀመ በልቶታል፤ አጠያየቁ እንደ እኛው የክፉ ቀን ጎመን ነው።

የመትከያው ጊዜ የስግድ ሰሞን ነው። ያኔ ሙቀቱ ይበርዳል፤ ዝናቡም ይቀርባል። ችግኙ ያለ ብዙ ውኃ ሥር ይሰድዳል፤ ጤና አዳሟም በጸደይ ታብባለች። ግቢውን ስታጸዱ ታዲያ በአንዱ ማዕዘን ያለውን ኹቤዛ እስከ ፋሲካ ድረስ አትንቀሉት፤ ቅጠሎቹ በቀጭን ክር ተሰፍተው ካያችሁ ትሏ ውስጥ አለች።